የቡትሎደር ስቶሬጅ ድራይቨር፦ ሦስት ፈንክሽን ይበቃዋል?

የመክፈቻ ጽሑፍ

ሰላም ከጅማ። ለቡና መጋዘን የሚሆን የሙቀትና የእርጥበት መመዝገቢያ የምንሠራ ጥቂት ልጆች ነን። ቦርዳችን ላይ ያለው ቺፕ ኤስቲኤም32ኤፍ103 ነው፤ 64 ኪሎባይት የውስጥ ፍላሽ፣ 20 ኪሎባይት ራም። ከጎኑ 8 ሜጋባይት የምትይዝ የኤስፒአይ ፍላሽ ቺፕ አለች። የኤስዲ ካርድ ማስገቢያም አለው። ሶፍትዌሩን ለማደስ ኔትወርክ ላይ አንተማመንም። ወደ አጋሮ ወይ ወደ ሊሙ የሚሄድ ሰው ካርዱን ኪሱ ከትቶ ይሄዳል። ይሰካል፣ ያጠፋል፣ ያበራል። የቀረው የቡትሎደሩ ሥራ ነው፤ ቦርዱ ሲበራ ቀድሞ ተነስቶ ዋናውን ፕሮግራም የሚያድሰውና የሚያስነሳው ትንሽ ፕሮግራም ማለት ነው። ለቡትሎደሩ የመደብንለት ቦታ 16 ኪሎባይት ነው።

አቋሜ ይሄ ነው። የስቶሬጅ ድራይቨር (ካርዱን ወይም ቺፑን በቀጥታ የሚያነጋግረው ኮድ) ለላይኛው ኮድ ማሳየት ያለበት ሦስት ፈንክሽን ብቻ ነው፦ ክፈት፣ አንብብ፣ ስለራስህ ተናገር። ከዚህ ብሎክ (አንድ ላይ የሚነበብ የባይት ጥቅል) ጀምረህ ይህን ያህል ብሎክ እዚህ ባፈር (ራም ላይ የተያዘ ጊዜያዊ ቦታ) ላይ አምጣልኝ፤ አለቀ። ካርድ ይሁን ቺፕ፣ ላይ ያለው ኮድ ምን አገባው? መጻፍ የሚባል ነገር እዚህ ውስጥ አይገባም። ጠበበ የሚል ካለ ይተቸኝ።

ተቺ አላጣሁም። ክሩ፣ ይህ ውይይት ማለቴ ነው፣ ስለረዘመና አዲስ የሚገባው ሁሉ የተመለሰውን ደግሞ ስለሚጠይቅ፣ መልሶቹን በየቁጥራቸው ላውራችሁ።

ቁጥር 1 ሰላምታ ነው። ሦስት እግር ያለው የጅማ በርጩማ ተነቃንቆ እንደማያውቅና የእኔም ሦስት ፈንክሽን እንደዚያው እንደሆነ ጽፎ ወጣ። ስለ ድራይቨር ምንም አላለም።

ቁጥር 2 ከቂጦ ፉርዲሳ ግቢ የጻፈ ተማሪ ነው። ትሁት ልጅ ነው፤ ይቅርታ ጠይቆ ጠይቆ ነው ወደ ነገሩ የገባው። ለመመረቂያ ሥራው ኤስዲ ካርድ የሚያነብ ኮድ ጽፏል። በ8 ጊጋ ካርድ ሲሞክረው ሸጋ ነው። ከመርካቶ አንድ የሞባይል ሱቅ ያገኛትን አሮጌ የ1 ጊጋ ካርድ ሲሰካ ግን ጉድ ፈላ። የመጀመሪያው ሴክተር፣ ማለትም ባለ 512 ባይቱ ብሎክ፣ በትክክል ይነበባል። ከዚያ በኋላ ያለው ወይ እምቢ ይላል ወይ ዝብርቅርቁ ይወጣል። ኋላ እንደደረሰበት፣ እስከ 2 ጊጋ የሚይዙት የድሮዎቹ ካርዶች በማንበቢያው ኮማንድ፣ ማለትም በኮማንድ 17፣ የሚሰጣቸውን አድሬስ የሚቆጥሩት በባይት ነው። ከእነሱ በኋላ የመጡት ደግሞ በብሎክ፣ በ512 ባይት እየቆጠሩ ነው። 1 የሚል ቁጥር ለአዲሱ ካርድ ሁለተኛው ሴክተር ነው፤ ለአሮጌው ሁለተኛው ባይት። ዜሮ ግን በሁለቱም ዘንድ ዜሮ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሴክተር መነበቡ ሰውን ያታልላል። ካርዱ የየትኛው ወገን እንደሆነ የሚታወቀው ሲነሳ ከሚመልሰው መልስ ውስጥ በቢት 30 ነው። ልጁ ከዚህ ያወጣው ነገር ትክክል ይመስለኛል። ኢንተርፌሱ (ድራይቨሩና ላይኛው ኮድ የሚነጋገሩባቸው ፈንክሽኖች) የሚያወራው በብሎክ ብቻ ይሁን፤ የባይቱ ጣጣ ድራይቨሩ ውስጥ ተቀብሮ ይቅር።

ቁጥር 3 ተማሪውን አመስግኖ አንድ ነገር ጨመረበት። አድሬሱን መለየት ብቻውን አይበቃም፤ መጠኑም ያሳስታል። የድሮው ካርድ ስለራሱ በሚሰጠው መግለጫ ውስጥ ለመጠን የተያዘው ቦታ 12 ቢት ነው። ማባዣው ቢበዛ 512 ነው። 4096 በ512 ተባዝቶ፣ እንደገና በ512 ባይት ሲባዛ 1 ጊጋ ላይ ያልቃል። 2 ጊጋ ለመድረስ የነበረው መንገድ ካርዱ ብሎኬ 1024 ባይት ነው ብሎ እንዲናገር ማድረግ ነበር። ስናነብ ግን ያው 512 ነው። ይህን ያላየ ድራይቨር ባለ 2 ጊጋውን ካርድ 1 ጊጋ አድርጎ ይቆጥረዋል። እንግዲህ ስለራስህ ተናገር የምትለዋ ፈንክሽኔ ለጌጥ የገባች እንዳልሆነች እዚህ ላይ ታየ።

ቁጥር 4 ላይ የመጡት ትልቅ ሰው ናቸው። ብዙዎቻችን መምህር እያልን ነው የምንጠራቸው። እሳቸው የጻፉት ረጅም ነው፣ ግን ማንበብ ይገባል። የድሮው ባይኦስ፣ ኮምፒውተር ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራው ፕሮግራም፣ ዲስክ ሲያነብ፣ በኢንተራፕት 13 ማለት ነው፣ ሴክተሩን በተራ ቁጥር አይጠይቅም ነበር። ስንተኛው ሲሊንደር (የዲስኩ ክብ መስመር)፣ ስንተኛው ሄድ (አንባቢው ጭንቅላት)፣ ስንተኛው ሴክተር እያለ ነበር። ለሲሊንደር 10 ቢት፣ ለሄድ 8፣ ለሴክተር 6። ሴክተር ከ1 ስለሚቆጠር 63 ላይ ያበቃል። ዲስኩ ራሱ ደግሞ በበኩሉ ለሄድ 4 ቢት ብቻ ነበረው። ሁለቱ ሲገናኙ በየቦታው ጠባቡ ያሸንፋል። 1024 በ16 በ63 በ512፤ ይሄ 528 ሜጋባይት ገደማ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ዲስክ ቢኖርም አይታይም። ባይኦሶቹ ቁጥሩን እየተረጎሙ፣ ሲሊንደሩን ቀንሰው ሄዱን አብዝተው፣ ወደ 8.4 ጊጋባይት አደረሱት። እዚያም ቆመ። በመጨረሻ የመጣው ጥሪ 16 ባይት የሆነ ፓኬት የሚቀበል ሲሆን፣ ውስጡ 64 ቢት የሆነ ተራ ቁጥር አለ። ሲሊንደር የለም፣ ሄድ የለም።

መምህር ይህን ያመጡት እንዲሁ ለወግ አይደለም። በሊሎ፣ በድሮው የሊኑክስ ቡትሎደር፣ ዘመን ራሳቸው ያዩትን ነገሩን። ከርነሉ (የሊኑክስ ዋና እምብርት የሆነው ፋይል) ከ1024ኛው ሲሊንደር ወዲያ ከወደቀ ኮምፒውተሩ አይነሳም። ዛሬ ደህና የነበረ ማሽን ከርነሉ ታድሶ ነገ እምቢ ይላል። የተበላሸ ነገር ኖሮ አይደለም፤ አዲሱ ፋይል ዲስኩ ላይ ራቅ ብሎ ስላረፈ ብቻ ነው። መድኃኒቱ የዲስኩ መጀመሪያ ላይ ለቡት የምትሆን ትንሽ ፓርቲሽን መቁረጥ ነበር። የዕቃው ቅርጽ ኢንተርፌሱ ውስጥ ከገባ፣ ዕቃው ሲለወጥ ሁሉም ይፈርሳል የሚል ነው ነገራቸው። በእኔ ግምት የክሩ ምርጥ መልስ ይሄ ነው።

ቁጥር 5 እንደዚያ አላሰበም። ሰላም እንኳን ሳይል ገባ። የእኛ ቦርድ ላይ ባይኦስ እንደሌለ፣ ሲሊንደር የሚባል ነገር ካየ ዘመን እንደሌለው፣ የታሪክ ትምህርት የሚፈልግ ሌላ ቦታ እንዲሄድ ጽፎ ወጣ። ሁለት መስመር ነች፤ ግን ታቃጥላለች።

ቁጥር 6 እሳት ለብሳ እሳት ጎርሳ መጣች። አጂፕ አካባቢ ላፕቶፕ የምትጠግን ልጅ ናት። ታላቅን እንዲህ መናገር ነውር መሆኑን በቅድሚያ አስታወሰችው። ቀጥሎ ታሪክ ያለው ነገር ገና አለመሞቱን በአንድ ደንበኛ ዲስክ አሳየችው። ሰውየው ባለ 3 ቴራባይት ዲስክ ከነማቀፊያው አመጣ፤ በዩኤስቢ የሚሰካ ዓይነት ነው። ማቀፊያው ተቃጥሏል። ዲስኩን ፈትታ በቀጥታ ኮምፒውተር ላይ ሰካችው። ዲስኩ ይታያል፣ ድምፁም ጤነኛ ነው፣ ፓርቲሽኑ ግን የለም። ባለቤቱ የሠርግ ቪዲዮው እዚያ ውስጥ ስለነበረ ላብ በላብ ሆነ።

ነገሩ ወዲህ ነው። በድሮው የፓርቲሽን ሰንጠረዥ ለሴክተር ቁጥር የተያዘው 32 ቢት ነው። በ512 ባይት ሴክተር ሲሰላ ወደ 2 ቴራ ገደማ ላይ ያልቃል። የማቀፊያው ቦርድ ይህን ለማለፍ ሲል ስምንት ስምንት ሴክተር እየጠቀለለ ባለ 4096 ባይት አድርጎ ነበር ለኮምፒውተሩ የሚያሳየው። ሰንጠረዡ የተጻፈው በዚያ ቁጥር ነው። ማቀፊያው ሲወጣ ዲስኩ ወደ 512 ተመለሰ፤ ቁጥሩ ሁሉ ወደ ሌላ ቦታ ጠቆመ። የመነሻውን ቁጥር በ8 አባዝታ ስትሄድ ፓርቲሽኑ ቁጭ ብሎ አገኘችው። ስለዚህ ላይኛው ኮድ ውስጥ 512 የሚል ቁጥር በእጁ የሚጽፍ ሰው ካየች እንደማትምረው አስታውቃለች።

ቁጥር 7 የእሷን ነገር ይዞ ባይኦስን ወደተካው ወደ ዩኢኤፍአይ ወሰደው። እዚያ ያለው የብሎክ ኢንተርፌስ አራት ፈንክሽን ነው ያለው፦ እንደገና አስነሳ፣ አንብብ፣ ጻፍ፣ የቀረውን ወደ ዲስኩ አውርድ። ትልቁ ነገር ግን አብሮት ያለው መግለጫ ነው። የብሎኩ መጠን፣ የመጨረሻው ብሎክ ቁጥር፣ ባፈሩ በስንት መደርደር እንዳለበት፣ ዕቃው አለ ወይስ የለም፣ የማይጻፍበት ነው ወይስ አይደለም። አንድ ደግሞ ልቤን የወሰደው አለ፤ የዕቃው መለያ ቁጥር። አንባቢው ኮድ ባነበበ ቁጥር ያንን ቁጥር አብሮ ይሰጣል። በመሐል ካርዱ ተነቅሎ ሌላ ከተሰካ፣ ድራይቨሩ ዕቃው ተለውጧል የሚል ስህተት ይመልሳል። ግማሹን ካንድ ካርድ፣ ግማሹን ከሌላ ካርድ አንብቦ ማሽን ከማስነሳት ያድናል።

ቁጥር 8 ግን ሌላ መንገድም እንዳለ አሳየ። ግራብ በሚባለው የሊኑክስ ቡትሎደር ውስጥ ላይኛው ኮድ ምንጊዜም የሚቆጥረው በ512 ነው። የዕቃው ሴክተር ምንም ይሁን ምን፣ መሐል ያለው የዲስክ ሽፋን ይተረጉመዋል። ቁጥር 7 ይህን አልካደም። ሁለቱም ከተስማሙበት ውስጥ አንዱ ይበቃኛል፤ ትርጉሙን የሚሠራው አንድ ቦታ ብቻ ይሁን። ሁለት ቦታ ከተተረጎመ የቁጥር 6 ደንበኛ ላይ የደረሰው ይደርሳል።

ከ9 እስከ 11 ያሉት ከመንገድ ወጡ። ሱቅ ስለሚሸጥ የውሸት ካርድ ነው። ላዩ 64 ጊጋ ይላል፣ ኮምፒውተሩም 64 ጊጋ ይላል፣ ውስጡ ያለው ግን 8 ነው። ከ8 በላይ የጻፉት የት እንደሚገባ እግዜር ይወቅ። አንዱ ኤፍ3 የምትባለዋን ፕሮግራም ጠቆመ፤ ካርዱን እስከ አፉ ሞልታ መልሳ ታነባለች፣ ውሸታሙን ታጋልጣለች። ሌላው ዋጋ ጠየቀ፤ ከዚያ ስለ ዋጋ ሆነ። ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅም አንድ ነገር ግን ወጣ። ካርድ ስለ መጠኑ የሚናገረውን ማመን አይቻልም። ስለዚህ ፋይሉ ተነቦ ቼክሰሙ (ፋይሉ ሳይበላሽ መድረሱን የሚያሳየው ቁጥር) ሳይረጋገጥ የድሮው ሶፍትዌር መነካት የለበትም።

ቁጥር 12 ላይ ያ የቁጥር 5 ሰው ተመለሰ። አሁንም ሰላምታ የለም። ምላሱ ስለታም ነው፣ ሥራውን ግን ያውቃል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ማንበብ ማንም እንደሚያነብ፣ ቡትሎደር የሚሞተው ሲጽፍ እንደሆነና እኔ የሸሸሁት ዋናውን ነገር እንደሆነ ጻፈ። ማስረጃውን ቦርዳችን ላይ ካለችው ከ8 ሜጋባይቷ ቺፕ ነው ያመጣው። እሷ ላይ መጻፍ ማለት 1 የነበረውን ቢት 0 ማድረግ ብቻ ነው። ወደ 1 መመለስ የሚቻለው በመጥረግ ነው፤ ሲጠረግ ደግሞ ቢያንስ 4096 ባይት አንድ ላይ ይሄዳል። የሚጻፈው በ256 ባይት ገጽ ነው። ከገጹ ጫፍ ያለፈው ባይት ወደሚቀጥለው ገጽ አይሻገርም። ዞሮ የዚያው ገጽ ራስ ላይ ያርፋል። ስህተት የሚባል ነገር አይመለስም።

ያየውን እንዲህ አስቀመጠው። ከገጹ 200ኛ ባይት ጀምሮ 100 ባይት ጻፈ። 56ቱ በቦታቸው ገቡ። 44ቱ ግን ገጹ መጀመሪያ ላይ ከነበረው መረጃ ጋር ቢት በቢት ተደራረቡ። የቀድሞውም አዲሱም አልሆነም፤ የሁለቱ ዜሮዎች ድምር ሆነ። መልሶ እስኪያነበው ድረስ ሁሉም ነገር ሰላም ይመስል ነበር። እንግዲህ እንዲህ ያለችውን ቺፕ እንደ ዲስክ ብሎክ ጻፍ በምትል ፈንክሽን ከሸፈናት፣ ያ ፈንክሽን ውሸታም ነው አለ። እዚህ ላይ ከእኔ ጋር እንደተስማማ ልብ ያለው አይመስለኝም። እኔም መጻፍ እዚያ ውስጥ አይግባ ነው ያልኩት።

ቁጥር 13 ሰውየው ሰላምታ ቢያውቅ ኖሮ እንዴት ያለ መምህር ይወጣው እንደነበር አዘነ።

ቁጥር 14 መጻፍ መሐል ላይ መብራት ቢሄድስ ብላ ጠየቀች። መብራት የሚለው ቃል ጅማ ውስጥ ከተነሳ ደግሞ ወሬው አያልቅም። ቁጥር 15 ጊልገል ግቤ አንድ እዚሁ አፍንጫችን ሥር ሆኖ፣ 184 ሜጋዋት የሚያመነጭ ሆኖ፣ እሱ በሻማ እንደሚያጠና አማረረ። ቁጥር 16 የኤሌክትሪክ ልጅ ነው። ግድቡ ቅርብ መሆኑ ለሰፈር መስመር ምንም እንደማይፈይድ፣ በክረምት የሚቆረጠው ዛፍ፣ ዝናብና መብረቅ ባገኘው ምሰሶ እንደሆነ አስረዳ። ከዚያም ስለ ክረምት፣ ስለ ጀነሬተር ነዳጅ፣ ስለ አዌቱ ወንዝ መሙላት። ሁለት ሦስት ቀን እንዲሁ ሄደ። እኔ ብቻዬን ድራይቨር፣ ድራይቨር እላለሁ።

ቁጥር 17 የእኔው ነው። ለ12 እና ለ14 አንድ ላይ መለስኩ። ሁለት ኢንተርፌስ ይኑር። አንደኛው የማንበቢያው ነው፤ ሦስቱ ፈንክሽን እንዳሉ ይቆያሉ። ካርዱም ቺፗም በእሱ ይነበባሉ። ሁለተኛው የፍላሽ ክልል ነው፦ አንብብ፣ ጻፍ፣ ጥረግ። አብረውትም ትንሹ የሚጻፍ መጠን፣ የሚጠረግ መጠን፣ የተጠረገ ቦታ ምን ሆኖ እንደሚነበብ ይገለጻሉ። ኤምሲዩቡት የሚባለው ክፍት ቡትሎደር የሚሄደው በዚህ መንገድ ነው። የእኛ ዋና ቺፕ የሚጽፈው በ2 ባይት ነው፣ የሚጠርገው በ1024። ትንሿ ቺፕ የምትጠርገው በ4096። ይህ ልዩነት ተደብቆ አይቀርም፤ በግልጽ ይነገር።

መብራቱንም እዚያው ነካሁ። ከ64 ኪሎባይቱ 16ቱ ለቡትሎደር ከሄደ ለዋናው ፕሮግራም 48 ይቀራል። ሁለት ቅጂ ጎን ለጎን አይገባም። ስለዚህ አዲሱ ፕሮግራም መጀመሪያ ከካርድ ወደ 8 ሜጋባይቷ ቺፕ ይገለበጣል። እዚያ ላይ ቼክሰሙ ይረጋገጣል። ከተረጋገጠ በኋላ ብቻ ማስቀዳት ተጀምሯል የሚል ምልክት ይጻፋል፣ የውስጡ ፍላሽ ይጠረጋል፣ ይቀዳል፣ መልሶ ይነበባል፣ በመጨረሻ አልቋል የሚል ምልክት ይጻፋል። ሁለቱም ምልክቶች 1ን ወደ 0 የሚለውጡ ስለሆኑ መጥረግ አያስፈልጋቸውም። መሐል ላይ መብራት ከሄደ፣ ሲመጣ የመጀመሪያውን ምልክት አይቶ ሁለተኛውን ካጣ ከመጀመሪያው ይቀዳል። ቢደጋገም ጉዳት የለውም። የቺፑ ዶክመንት እንደሚለው አንድ ገጽ መጥረግ ቢበዛ 40 ሚሊሰከንድ ይወስዳል፣ 2 ባይት መጻፍ ቢበዛ 70 ማይክሮሰከንድ። 48 ገጽ ሲሰላ ሁሉም ከ4 ሰከንድ በታች ያልቃል። አደጋው ያለው በእነዚያ ጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ነው፤ ያም ቢሆን የሚደገም ነው።

ቁጥር 18 የተጠረገ ቦታ ምን ሆኖ ይነበባል የሚለውን ሰዎች እንዳይዘሉት አስጠነቀቀ። ብዙው ቺፕ ሁሉንም ቢት 1 አድርጎ ይመልሳል። ኤስቲኤም32ኤል1 ግን ሲጠረግ 0 ነው የሚሆነው። ነገ ቦርዱ በባትሪ ይሥራ ብለን ወደዚያ ከዞርን ምልክቶቻችን ሁሉ ተገልብጠው ቁጭ ይላሉ። አጭርና ጥሩ መልስ ነው።

ቁጥር 19 ፔቲት ፋትኤፍኤስ የምትባለዋን ትንሽ የፋይል ሲስተም ላይብረሪ አነሳ። እሷ ከድራይቨሩ የምትፈልገው ሙሉ ሴክተር አይደለም። ከዚህ ሴክተር ውስጥ፣ ከዚህ ባይት ጀምሮ፣ ይህን ያህል ባይት ነው የምትለው። 512 ባይት ባፈር መያዝ ለማይችሉ ትንንሽ ቺፖች የተሠራች ናት። ትልቋ እህቷ ፋትኤፍኤስ ደግሞ በሙሉ ሴክተር ትሠራለች፣ አምስት ፈንክሽን ትፈልጋለች። ልጁ በባይት የሚያነበው ይሻለናል ባይ ነው። እኔ አልገዛሁትም። 20 ኪሎባይት ራም ላለው ቦርድ 512 ባይት ብዙ አይደለም። ከካርዱ 20 ባይት ለመውሰድ ሲባል የቀረውን 492 አንብቦ መጣልም ጊዜ ነው።

ቁጥር 20 ማንበቡ ባክግራውንድ ሆኖ፣ ሲያልቅ ኢንተራፕት ይጥራኝ የሚል ነበር። ይሄኛው በደንብ ተቀጠቀጠ። ቁጥር 21 ቡትሎደሩ እስኪነበብ ሌላ ምን ሥራ እንዳለው ጠየቀ። መልስ አልመጣም። እሱ የተናገረው ግን ሌላ ቁም ነገር አለ። ቆሞ መጠበቅ ይቻላል፣ ገደብ የሌለው መጠበቅ ግን አይቻልም። ካርድ ሲነሳ እስከ 1 ሰከንድ ይታገሱታል። ሲነበብ ደግሞ ወደ 100 ሚሊሰከንድ። ከዚያ ካለፈ ድራይቨሩ ተመልሶ መናገር አለበት። የሚመልሰውም ሆነ ወይም አልሆነ ብቻ አይደለም። ካርድ የለም፣ ካርዱ አልመለሰም፣ የተነበበው ተበላሽቷል፣ ከመጨረሻው አልፈሃል፤ እነዚህ አራቱ ይለያዩ።

ለምን መለያየት እንዳለባቸው ያሳየን ቁጥር 22 ነው። አጋሮ ያለው ወንድማችን ነው፤ ካርዱን ይዞ በሞተር የሚዞረው እሱ ነው። ስለ ኢንተርፌስ አንድም ቃል አላለም። መጋዘኑ በር ላይ ቆሞ ቀይ መብራት ብቻ ሲያይ ምን እንደሚያደርግ ነው የጠየቀው። ካርዱን አውጥቶ ይጥረገው? ሌላ ካርድ ይፈልግ? ወይስ ፋይሉ ነው የተበላሸው? አንዳንዴ ልጆቹ ከስልካቸው ባወጡት 64 ጊጋ ካርድ ላይ ፋይሉን ይጭኑለታል። እንዲህ ያለው ካርድ ብዙውን ጊዜ ኤክስፋት በሚባለው የፋይል ሲስተም ተዘጋጅቶ ነው የሚመጣው፤ ቡትሎደራችን ደግሞ ፋት32 ብቻ ነው የሚያውቀው። ካርዱ ጤነኛ ነው፣ ድራይቨሩ ጤነኛ ነው፣ ፋይሉ ግን የለም ይላል። እሱ ካርዱ ተበላሽቷል ብሎ ይመለሳል፤ ነዳጁም ቀኑም ይባክናል።

ከእሱ በኋላ ክሩ ለጊዜው ጭቅጭቅ አቆመ። ለእያንዳንዱ ስህተት የተለየ ብልጭታ ተመደበ። አንዴ ብልጭ ካርድ የለም፣ ሁለቴ ካርዱ አልመለሰም፣ ሦስቴ የፋይል ሲስተሙን አላውቀውም፣ አራቴ ፋይሉ የለም፣ አምስቴ ቼክሰሙ አልገጠመም። ቁጥር 6 ዝርዝሩን ወረቀት ላይ አትሞ በፕላስቲክ ሸፍኖ ከቦርዱ ሳጥን ክዳን ሥር መለጠፍ እንደሚሻል አለች። እሱም ተያዘ።

ቁጥር 23 የሚገርም ነው። ቁጥር 5 ሆኖ የጀመረው ሰው መምህርን እርስዎ ብሎ ጠራቸው። ይቅርታ አልጠየቀም፤ ግን አንድ ነገር ጠየቃቸው። የእኛ ካርድ ማስገቢያ ካርድ መግባቱን የሚናገር ሽቦ የለውም። ታዲያ ቁጥር 7 ያመጣውን የዕቃ መለያ ቁጥር ድራይቨሩ መቼ ነው የሚለውጠው? ካርዱ በፍጥነት ተነቅሎ ሌላ ቢሰካ በምን ያውቃል?

መምህር በቁጥር 24 በደስታ መለሱለት። ተነቅሎ የተሰካ ካርድ እንደገና ካልተነሳ ስለማይመልስ ማንበቡ ራሱ ይወድቃል። ችግሩ ድራይቨሩ ራሱ ዝም ብሎ እንደገና አስነስቶት ሥራውን ከቀጠለ ነው። ስለዚህ ድራይቨሩ ካርድ ባስነሳ ቁጥር በኮማንድ 10 የካርዱን መታወቂያ ያንብብ። 16 ባይት ነች፤ ውስጧ የካርዱ ተከታታይ ቁጥር አለ። ከቀደመው የተለየች ከሆነ መለያውን ከፍ ያድርግ፣ ዕቃው ተለውጧል ብሎም ይመልስ። ያው ካርድ ከሆነ ግን ይቀጥል፤ ማስገቢያው ልል የሆነ ቦርድ ላይ ካርዱ ትንሽ ስለተንቀሳቀሰ ብቻ ሁሉንም ከዜሮ ማስጀመር አያስፈልግም።

ቁጥር 25 መታወቂያቸው ሁሉ አንድ ዓይነት የሆኑ የውሸት ካርዶችስ ብሎ ጀመረ። ያኔ የቼክሰሙ ሥራ ነው ብዬ ዘጋሁት። አሁን ኮዱ ውስጥ እያስገባሁት ነው። ሲያልቅ ተማሪው በ1 ጊጋዋ ካርድ፣ ቁጥር 3 በ2 ጊጋ፣ እኔ በ8 ጊጋ እንሞክረዋለን። 2 ጊጋ ካርድ ያለው ሌላ ሰው ካለ እዚሁ ይጻፍ፤ አሁን አሁን እሷ ገበያ ላይ የለችም።